38 ስንት ነው? የደም ካንሰር ተመራማሪን በቁጥር የመመዘን ጣጣ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎካችን ሥር ካለችው ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን እያየች መጣች። ሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቃለች። ሁለት ዓመት ሠርታ አሁን ለዶክትሬት ውጭ አገር እያመለከተች ነው። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል ሳይቀር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችኝ። ስልኳ ላይ የአንድ ፕሮፌሰር ገጽ ተከፍቷል። ሰውየው የሚያጠናው የሉኪሚያን ዘረመል ነው፤ ማለትም የደም ካንሰር የያዘው ሴል ውስጥ የትኛው ጂን እንደተበላሸ። ከስሙ አጠገብ ቁጥር አለ። ኤች-ኢንዴክስ 38 ይላል።

«ጎበዝ ነው አይደል? ግን ሌላኛው 61 አለው። እሱ ጋ ላመልክት እንዴ?»

ቡናው እስኪቀዘቅዝ አወራን። ያወራነውን እዚህ የምጽፈው ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። ዘንድሮ ቅጥሩም፣ ዕድገቱም፣ የምርምር ገንዘቡም በዚህ ዓይነት ቁጥር ነው የሚወሰነው። እኛም አገር እየለመድነው ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ኤች-ኢንዴክስን በ2005 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የፊዚክስ ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎች ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው ታያለህ፤ ከብዙ ወደ ትንሽ ትደረድራቸዋለህ። አምስት ጽሑፍ አለው እንበል፤ 50፣ 18፣ 7፣ 4 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች ስላሉት ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው። አለቀ። ስለዚህ 38 ማለት ቢያንስ 38 ጊዜ የተጠቀሱ 38 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

አሁን ያንን 50 ወደ 5,000 ቀይሪው አልኳት። ሰውየው አንድ ትልቅ ነገር አገኘ፣ ዓለም ሁሉ ጠቀሰው እንበል። ኤች-ኢንዴክሱ ስንት ይሆናል? ትንሽ አሰበችና «4» አለች፤ ከዚያ ሳቀች። አዎ፣ 4። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ተራራ የወጣን ሰው አያይም። በየቀኑ ትንንሽ ኮረብታ የሚወጣውን ነው የሚያየው። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩ መቼም አይወርድም። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ዶሮ ቢያረባም ኤች-ኢንዴክሱ ማደጉን ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። 38ን በ19 ዓመት ያመጣና 38ን በ38 ዓመት ያመጣ እኩል አይደሉም። ሂርሽ ራሱ ይህንን ስላወቀ ቁጥሩን የመጀመሪያው ጽሑፍ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ላሉት ዓመታት አካፍሉት ብሎ ነበር። 1 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ሳይንቲስት፣ 2 ከሆነ የላቀ፣ 3 ከሆነ ደግሞ በጣም ብርቅ። ግን ይህንን የለካው በፊዚክስ ሰዎች ነው። ሕክምና ውስጥ የሚጻጻፈው ሕዝብ ብዙ ነው፣ የሚጠቃቀሰውም እንዲሁ። የሉኪሚያ ተመራማሪን ከሒሳብ ተመራማሪ ጋር በዚህ ቁጥር ማወዳደር የመርካቶን ነጋዴና የሰፈራችንን ሱቅ በቀን ሽያጭ እንደማወዳደር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገበያው ነው፣ የጉብዝና አይደለም። ለዚህ ብለው የአንድን ጽሑፍ ጥቅስ ከራሱ መስክና ከራሱ ዓመት ጽሑፎች ጋር የሚያወዳድሩ መለኪያዎች ወጥተዋል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2016 ይፋ የሆነ አንድ አለው፤ እዚያ 1 ማለት ተቋሙ ገንዘብ ከሰጣቸው ጽሑፎች መካከል የመሃል ላይ ማለት ነው። እነዚህ ይሻላሉ። ግን ስልክ ላይ ከስም አጠገብ ደምቆ የሚታየው እነሱ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በሉኪሚያ ዘረመል ዋናው ማምታቻ ይሄ ይመስለኛል።

በ2008 ሴንት ሉዊስ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአንዲት ኤኤምኤል የሚባለው ፈጣን የደም ካንሰር የያዛትን ሴት ሙሉ ዘረመል አነበበ። የካንሰር ሴል ሙሉ ዘረመል ሲነበብ በዓለም የመጀመሪያው ነው። 10 ጂኖች ላይ ለውጥ አገኙ፤ ሁለቱ ቀድሞ የታወቁ፣ ስምንቱ አዲስ። በ2013 ደግሞ አንድ ትልቅ የተመራማሪዎች ስብስብ የ200 ኤኤምኤል ታማሚዎችን አጠና። የእነዚህ ጽሑፎች የስም ዝርዝር ረጅም ነው። ናሙና የሰበሰበ አለ፣ ማሽን ላይ ያደረ አለ፣ ስታቲስቲክሱን የሠራ አለ፣ ገንዘቡን ያመጣ አለ፣ ስብሰባ ላይ አንዴ ተገኝቶ ራሱን የነቀነቀም ሊኖር ይችላል። ኤች-ኢንዴክስ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። አንድ ጽሑፍ፣ ለሁሉም አንድ።

በሕክምና ምርምር ያለው ወግ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስም ሥራውን በእጁ የሠራው፣ ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። መሃል ያሉት እንደየሁኔታው። ስለዚህ 61 ያለውን ሰው ገጽ ስትከፍቺ ስሙ የት ላይ እንዳለ እዪ። የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ የሆነበት ስንት ነው? አንዳንድ ጆርናሎች (የምርምር መጽሔቶች) ደግሞ ማን ምን እንደሠራ በ14 ዓይነት የሥራ ድርሻ ከፋፍለው ያትማሉ፤ ሐሳቡን ማን አመነጨ፣ መረጃውን ማን ሰበሰበ፣ ማን ጻፈ እያሉ። ሰው አያነበውም እንጂ ከጽሑፉ ሁሉ ሐቀኛው ክፍል እሱ ነው።

የሰፈራችን ዕድር ትዝ አለኝ። የዕድር መዝገብ ላይ ማን ወርሃዊ መዋጮ እንደከፈለ ተጽፏል። ሌሊት ዝናብ ላይ ድንኳን የተከለው ሰው ግን መዝገብ ላይ የለም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን መዝገቡን ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ ሰው ማን ጥሩ ዕድርተኛ እንደሆነ ቢጠየቅ የሚጠራው ስም ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ የጽሑፉ ዓይነት። በሉኪሚያ ከፍተኛ ጥቅስ ከሚያገኙት ብዙዎቹ አዲስ ነገር ያገኙ ጽሑፎች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ካንሰሮችን የሚመድብበት ሰነድ በ2016 ሲሻሻል የወጣው ጽሑፍ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል፤ ምክንያቱም ስለ ሉኪሚያ የሚጽፍ ሁሉ መግቢያው ላይ ያስቀምጠዋል። የአውሮፓ ሉኪሚያኔት የሚባለው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች መረብ በ2010፣ በ2017 እና በ2022 ያወጣው የኤኤምኤል መመሪያም እንዲሁ ነው። እዚያ ውስጥ መሳተፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ታማሚ ፊት ሆኖ የሚያየው እሱን ነው። ግን እሱ ሌላ ዓይነት ትልቅነት ነው። ከማግኘት ይልቅ መሰብሰብና መመዘን ነው። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም።

እንግዲህ ተጽዕኖ የሚባለው ነገር በዚህ መስክ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ታሪክ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ፒተር ናውል እና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሲኤምኤል በሚባለው ቀስ ብሎ በሚሄደው የደም ካንሰር ታማሚዎች ሴል ውስጥ አንድ ያልተለመደ አጭር ክሮሞዞም አዩ። ናውል ሴሎቹን በቧንቧ ውሃ ሲያጥብ አብጠው ክሮሞዞሞቹ ተበታትነው መታየታቸው ነው ወደዚህ ያመጣው። ግማሽ አጋጣሚ ነው እንግዲህ። ያወጡት ጽሑፍ ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው። ያቺ አጭር ክሮሞዞም በከተማዋ ስም ተጠራች፤ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም።

ከዚያ 13 ዓመት አለፈ። ለሁሉም ከክሮሞዞሟ አንድ ቁራጭ ተቆርጦ የጠፋ ነበር የሚመስለው። በ1973 ችካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረች ጃኔት ራውሊ የጎደለው ቁራጭ አለመጥፋቱን አሳየች። ከክሮሞዞም 22 ተነስቶ 9 ላይ ተለጥፏል። ራውሊ አራት ወንዶች ልጆች እያሳደገች ለብዙ ዓመታት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የምትሠራው። የክሮሞዞም ፎቶዎቹን ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ እየቆረጠች ትደረድር ነበር፤ ልጆቿም እማዬ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይስቁባት ነበር። ከዚያ በፊት ኤኤምኤል ውስጥ በክሮሞዞም 8 እና 21 መካከል ያለውን መለዋወጥ አግኝታ ነበር፤ እሱ የታተመው አንድ የፈረንሳይ የዘረመል መጽሔት ላይ ነው። በ1977 ደግሞ በ15 እና 17 መካከል ያለውን አገኘች።

እስቲ ይህቺን ሴት 1971 ላይ በዛሬው መመዘኛ ገምግሟት። የምትሠራው በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ጽሑፏ ትንሽ፣ መስኩ ደግሞ ብዙ ሰው ግድ የማይሰጠው የክሮሞዞም ቆጠራ። በበኩሌ የምርምር ገንዘብ ኮሚቴ ላይ ብሆን ኖሮ እሷን እመርጥ ነበር ብዬ አልፎክርም።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ያ የ9 እና 22 መለዋወጥ ሁለት ጂኖችን አጋጥሞ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል አንድ እብድ ፕሮቲን እንደሚፈጥር በ1980ዎቹ ታወቀ። ፕሮቲኑ ሴሉን አትቁም፣ ተባዛ እያለ ያዘዋል። ይህ ከታወቀ በኋላ እነ ኒኮላስ ላይደን የሚባሉ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ያንን ፕሮቲን የሚዘጋ ኪኒን ሠሩ፤ ብራያን ድሩከር የሚባል ሐኪም ደግሞ በታማሚ ላይ ሞከረው። ኢማቲኒብ ነው፤ ብዙ ሰው ግሊቬክ የሚለው። በ2001 በወጣው የመጀመሪያ ሙከራ በቂ መጠን ከወሰዱ 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቁጥር ተስተካከለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሜሪካ ፈቀደችው። ከቧንቧው ውሃ እስከ ኪኒኑ 41 ዓመት ነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሲኤምኤል ክትትል ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ኪኒን በዓለም አቀፍ እርዳታ በነጻ ሲወስዱ ቆይተዋል። ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከዚህ ከእኛ ሰፈር ታክሲ ተሰልፎ ሄዶ ኪኒኑን ይዞ የሚመለስ ሰው የራውሊን ስም አያውቅም። ማወቅም የለበትም። ግን ተጽዕኖ ማለት ይሄ ነው። እና ይሄ ሰው የትኛውም ዳታቤዝ ውስጥ እንደ ጥቅስ አይቆጠርም።

ለዚህ ነው የሉኪሚያ ተመራማሪን ስመለከት ቁጥሩን አይቼ ወዲያው ሌላ ነገር የምጠይቀው። ያገኘው ጂን መመሪያ ውስጥ ገብቷል? ሐኪም ታማሚውን ለመመደብ ይጠቀምበታል? ኤፍኤልቲ3 የሚባለውን ጂን እንውሰድ። ጃፓኖች በ1996 ነው በኤኤምኤል ውስጥ ያለውን ለውጡን ያሳዩት፤ ዛሬ ሰው ኤኤምኤል ሲገኝበት ከሚታዩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው፣ በ2017 ደግሞ እሱን ኢላማ ያደረገ መድኃኒት ጸድቋል። ወይም የሻንጋዩን ሥራ። በ1988 ኤፒኤል በሚባለው የሉኪሚያ ዓይነት የታመሙ 24 ሰዎች ከቫይታሚን ኤ ዘመድ በሆነ መድኃኒት ታከሙ፤ ሁሉም ደማቸው ጸዳ። 24 ሰው ብቻ! ዛሬ አንዳንድ ገምጋሚ ናሙናው ትንሽ ነው ብሎ ይመልሰው ነበር። ኤፒኤል ደግሞ ያ ራውሊ ያየችው የ15 እና 17 መለዋወጥ ያለበት በሽታ ነው።

ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን ሌላ ታዋቂ ቁጥር በአጭሩ ልለፈው፤ ከዚህ በላይ አይገባውም። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል የመረጃ ሰው ያመጣው ነገር ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይለካል። የሚለካው ጆርናሉን ነው፤ ሰውየውን አይደለም። አማካይ ስለሆነ ደግሞ ጥቂት ታዋቂ ጽሑፎች ሌላውን ሁሉ ተሸክመውት ሊሆን ይችላል። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተረቅቆ በ2013 የወጣ መግለጫ ሰውን በጆርናል ቁጥር አትመዝኑ ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቋማት ፈርመውበታል። ከፈረሙት ውስጥ አሁንም የሚመዝኑ አሉ፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ምክንያቱም የእኛ ችግር ከፈረንጁ ይለያል።

አንደኛ፣ ስማችን። የታወቀው አበበ ከበደ ተሰማ ጽሑፍ አሳተመ እንበል። የፈረንጅ ዳታቤዝ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አንዴ በሁለት ስም ሲጽፍ «ከበደ» ይሆናል፣ አንዴ በሦስት ስም ሲጽፍ «ተሰማ» ይሆናል። አባትና አያት ተነሥተው ጽሑፉን ተካፈሉት! ፀሐይ የሚለውን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ነው የሚጽፈው። እኔ በሥራዬ አንድ ሰው በሦስት ገጽ ተበታትኖ አግኝቻለሁ፤ ሦስቱን ስናዋህድ ኤች-ኢንዴክሱ ምንም ሳይሠራ በአንድ ከሰዓት በኋላ አደገ። የተገላቢጦሹም አለ፤ ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት ሰዎች ሥራ አንዱ ገጽ ላይ ይከመራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኦርኪድ የሚባለው ከ2012 ጀምሮ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነጻ ነው፤ አውጡና ሁሌም አንድ ዓይነት ስም ተጠቀሙ። ለልጅቷም ከመጀመሪያው ጽሑፍሽ በፊት ዛሬውኑ አውጪ አልኳት።

ሁለተኛ፣ ዕድገት ለማግኘት ጽሑፍ ቁጠር ሲባል የመጣው መዘዝ። ማርሊን ስትራተርን የምትባል የእንግሊዝ አንትሮፖሎጂስት በ1997 መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይቀራል ብላለች፤ ሐሳቡ ከኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት የመጣ ነው። እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን በኢሜይል ጣፋጭ ግብዣ መጣለት፤ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በአምስት ቀን እናትማለን»። ፕሮፌሰር አይደለም። ገንዘቡን በዶላር አፈላልጎ፣ ዘመድ ለምኖ ላከ። ጽሑፉ ወጣ፤ ማንም አልገመገመውም፣ የፊደል ስህተቱ እንኳ እንዳለ ነው። ከዓመት በኋላ ጆርናሉም ድረ ገጹም የሉም። ጥሩ ሥራ ነበር፣ የሚያናድደው እሱ ነው። አሁን ሌላ ቦታ ላሳትመው ቢል ታትሟል ይሉታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ጥናት ጥቅስ ላያገኝ ይችላል። ምሳሌ ልስጥ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዙ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ጤነኛ ሰዎች ላይ «መደበኛ» ከተባለው ዝቅ ይላሉ። በሽታ አይደለም። ዳፊ በሚባል ጂን ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ ያው ልዩነት ቫይቫክስ የሚባለውን ወባ ይከላከላል። ሉኪሚያ ያለበት ልጅ ግን ኬሞ ሲወስድ ሐኪሙ የሚያየው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ካለ መድኃኒቱን ይቀንሳል ወይም ያዘገያል። ልጁ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ከሆነ ያለምክንያት ትንሽ መድኃኒት አገኘ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ልዩነት ያላቸውም የሌላቸውም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። አንድ ሰው የኢትዮጵያ ልጆችን ለይቶ ይህንን ቢያጠና ማን ይጠቅሰዋል? በ2018 የዘረመልና የበሽታ ግንኙነት ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት ሰዎች 78 ከመቶው አውሮፓዊ፣ 2 ከመቶው ገደማ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ነበራቸው። የሚጽፈው ሕዝብ ያለው እዚያ ነው፤ የሚጠቅሰውም እዚያ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥናት 12 ጊዜ ተጠቅሶ አንድ ዋርድ ውስጥ ያለውን አሠራር ሊቀይር ይችላል፣ ቁጥሩ ግን 12 ነው።

«ታዲያ ቁጥሩን ልጣለው?» አለች።

አይ። ቁጥር ባይኖር ኖሮ የሚቀረው ትውውቅ ነው፤ «እሱ ጎበዝ ነው፣ የእኔ ተማሪ ነበር»። እሱንም እናውቀዋለን፣ አይሻልም። ቁጥሩ በር ድረስ ያድርስሽ፤ ከዚያ ግቢና አምስት ጽሑፍ አንብቢ አልኳት። የሰውየው ምርጥ የሚባሉ አምስት። ማን ቀዳሚ እንደሆነ እዪ። ከጠቀሱት ውስጥ ራሱና ጓደኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ሌላ ቡድን ሥራውን ደግሞ ሞክሮ ያንኑ ውጤት አግኝቶ እንደሆነም። ታትሞ ኋላ የተሰረዘ ጽሑፍ ካለም እዪ።

ገጾቹን አብረን ከፈትን። 61 ያለው ሰው ብዙዎቹ ሥራዎቹ የትልልቅ ስብስቦች ናቸው፤ ስሙ መሃል ላይ፣ ለማግኘት በጣት እየወረድን። መጥፎ ሰው ነው ማለት አይደለም። 38 ያለው ደግሞ መጨረሻ ላይ የተጻፈባቸው ጥቂት ናቸው፤ ግን በእያንዳንዳቸው ቀዳሚው ስም የተለየ ተማሪ ነው። አንዷ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ ልጅ አሁን የት ነች?»

ፈለግን። የራሷን ቤተ ሙከራ ከፍታለች። ኢሜይሏ ገጹ ላይ አለ። የጎረቤቴ ልጅ እዚያው በርጩማው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ «ከእሱ ጋር መሥራት እንዴት ነበር?» ብላ። እኔ ከፎቅ ላይ ውሃ መጣ ሲሉ ሰምቼ ጀሪካኔን ልሞላ ተነሣሁ።